ስለ ገና ጨዋታና ስለ ዳሌ ብርታት
ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራን፥ ወላጆችና ተማሪዎች የተነገረ ንግግር



እግዚአብሔር ክረምቱን በሰላም አሳልፎ፥ መስኩን አድርቆ፥ እህሉን ለአጨዳ አድርሶ ለዚህ ለኅዳር ወር ስላበቃን ክብርና ምስጋና ለርሱ ይሁን። ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ስለ ፍልስፍና ወይም ስለ መንግሥት ሥራ ለመናገር አይደለም፤ ስለ ጨዋታ ልነግራችሁ ነው። ነገር ግን ነገሩ ጨዋታ ነው ብላችሁ አትናቁት። በጨዋታ የሚጎዳው እግር ያው የሚያርሰውና የሚያጭደው፥ ውሃ የሚቀዳውና ከብት የሚከተለው እግር ነውና።

የገና በዓል ሊደርስ ስምንት ሳምንት ያህል ቀርቶታል። ልጆቻችንም ከወዲሁ ጫፉ ቆልመም ያለ እንጨት እየፈለጉ ነው። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ሆኖም በየዓመቱ ከበዓሉ በኋላ አንድ ሁለት ልጅ እያነከሰ ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ እናያለን። መምህሩ ሰነፈ ይላል፤ እናቱ ዓይን ወጋው ትላለች፤ ወጌሻውም ጅማቱ ዞሯል ይላል። ልጁ ግን ሕመሙ ከወዴት እንደ መጣ ለመናገር አይችልም። እኔም የመጣሁት ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ ከዳሌ እንደሚነሣ፥ አብዛኛውንም አስቀድሞ መከላከል እንደሚቻል ለመግለጥ ነው። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

አስቀድሜ ስለ ጨዋታው ጥቂት ቃል ልናገር። የገና ጨዋታ ከአባቶቻችን የወረስነው ነው። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው፥ እረኞች የጌታን መወለድ በሰሙ ጊዜ ከደስታ ብዛት የተነሣ በያዙት በትር ተጫወቱ፤ ጨዋታውም የዚያ ደስታ መታሰቢያ ነው። ሁለት ወገን ሆነው ይሰለፋሉ፤ ከእንጨት የተጠረበችውን ወይም ከጠፍር የተጎነጎነችውን ሩር በቆልማማ ዱላ እየመቱ ወደ ባላጋራቸው ወሰን ያደርሳሉ። ጌታና ሎሌ፥ ሽማግሌና ጎረምሳ በአንድ መስክ የሚሮጡበት ቀን ስለ ሆነ፥ በዚያ ቀን በደረሰበት ነገር የሚቀየም ሰው አይገኝም።

ይህን የሚመስል ጨዋታ በሌላም አገር አለ፤ ስሙም ሆኪ ይባላል። በእንግሊዝ አገር የሆኪ ማኅበር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1886 ዓመት ተቋቋመ። በ1908 ዓመት በለንደን በተደረገው የኦሊምፒክ ውድድር ወንዶች ተጫወቱት፤ የዓለሙም የሆኪ ማኅበር በ1924 ዓመት በፓሪስ ከተማ ተመሠረተ። የሕንድ ሰዎች ከ1928 እስከ 1956 ዓመት ድረስ በተከታታይ ስድስት ጊዜ የኦሊምፒክን የወርቅ ሽልማት ወስደዋል። ከነርሱም መካከል ዲያን ቻንድ የሚባለው በ1928፥ በ1932ና በ1936 ዓመት ሦስት ጊዜ የወርቅ ሽልማት በመቀበሉ ስሙ እስከ ዛሬ ይነሣል።

ሴቶች ልጆችም ይህን ያድምጡ። የሴቶች ሆኪ በኦሊምፒክ መጀመሪያ የገባው በ1980 ዓመት በሞስኮ ነው፤ በዚያም ዓመት የወርቁን ሽልማት የወሰዱት ከአፍሪካ የመጡት የዚምባብዌ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ይህ ጨዋታ የወንድ ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር፥ ይህን ነገር ያስታውሱት።

የሆኪ መስክ ርዝመቱ ከ91 ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ወርዱም 55 ሜትር ነው። በአንድ ወገን 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ኳሷም ከ156 እስከ 163 ግራም ትመዝናለች። የኛ መስክ ግን ልኩ የመንደሩ ሜዳ፥ ሰዓቱም የፀሐይ መጥለቅ ነው። በሥርዐት ይለያዩ እንጂ ሁለቱ ጨዋታዎች ለሰው አካል የሚሰጡት ሥራ አንድ ነው። ይኸውም ጎንበስ ብሎ መሮጥ፥ በድንገት መቆም፥ ወደ ጎን መዞር፥ አንዱን እግር አርቆ ወደ ፊት መሰንዘርና ወገብን ጠምዝዞ መምታት ነው።

እንግዲህ አስተውሉ። ሰው ቀጥ ብሎ ሲሮጥና ጎንበስ ብሎ ሲሮጥ ድካሙ እኩል አይደለም። ዱላው አጭር፥ ሩርዋም በምድር ላይ የምትንከባለል ስለ ሆነች፥ ተጫዋቹ ሊደርስባት የሚችለው በማጎንበስ ነው። በዚህ ጊዜ ዳሌው ሊታጠፍ ይገባዋል። ዳሌው የማይታጠፍለት ሰው ግን በዳሌው ፈንታ ወገቡን ያጎብጣል፤ ወገቡም የዳሌውን ሥራ ሲሠራ ይውልና በማግስቱ ያመዋል። ስለዚህ ወገቤን አለ የሚል ተጫዋች ሁሉ፥ ጥፋቱ የወገቡ ላይሆን ይችላልና ዳሌውን ይመርምር።

የዳሌ መገጣጠሚያ እንዴት እንደ ተሠራ ለመረዳት ወደ ቤታችሁ ገብታችሁ ሙቀጫና ዘነዘናን ተመልከቱ። የጭን አጥንት ከሰውነታችን አጥንት ሁሉ ረጅምና ብርቱ ነው፤ ጫፉም እንደ ድቡልቡል ሎሚ ክብ ሆኖ፥ በዳሌ አጥንት ውስጥ በተፈለፈለው ጥልቅ ጕድጓድ ይገባል። ዘነዘና በሙቀጫ ውስጥ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ወደ ጎንም እንዲዞር፥ የጭን አጥንትም ራስ እንዲሁ ይዞራል። እንዳይወልቅም ዙሪያውን ጠንካራ ጅማት አስሮታል፤ በፊት በኩል ያለው ማሰሪያ ጅማት በሰውነታችን ካሉት ማሰሪያዎች ሁሉ የሚበረታው ነው። ሰው ሲራመድ በዚህ መገጣጠሚያ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከሰውነቱ ክብደት ከሁለት እጥፍ ይበልጣል፤ ሲሮጥና ሲዘልም ከዚህ አብልጦ ይጨምራል። ሥራው ታላቅ መሆኑን ከዚህ እወቁ።

ይህን መገጣጠሚያ የሚያንቀሳቅሱት ጡንቾች ናቸው፤ በአራት ወገንም ልንከፍላቸው እንችላለን። በፊት በኩል ያሉት ጭንን ወደ ሆድ ያነሣሉ፤ ስንሮጥ ጉልበታችን ከፍ የሚለው በነርሱ ነው። በኋላ በኩል የመቀመጫና የኋላ ጭን ጡንቾች አሉ፤ ካጎነበስንበት የሚያቀኑንና ወደ ፊት የሚገፉን እነርሱ ናቸው። የመቀመጫውም ጡንቻ ከሰውነት ጡንቾች ሁሉ ትልቁ ነው። በውስጥ በኩል ከብሽሽት የሚነሡት ጭንን ወደ ውስጥ ይሰበስባሉ። በውጭ በኩል ያሉትም ጭንን ወደ ውጭ ይከፍታሉ፤ በአንድ እግር ስንቆምም ዳሌያችን ወደ ጎን እንዳይዘነበል ይደግፋሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ፥ እነዚህ አራት ወገኖች ሲተባበሩ እግር ይጸናል፤ አንዱ ሲደክም ግን ሸክሙ በሌላው ላይ ይወድቅና የተሸከመው ይጎዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ለዳሌ የሚያስፈልጉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ብርታት፥ ሁለተኛው ልስላሴ ነው። ገበሬ የሆናችሁ አባቶች ይህን ከኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። የደረቀ ጠፍር ብርቱ ይመስላል፥ ነገር ግን በሬው በድንገት ሲስበው ይሰነጠቃል። በውሃ የራሰ ጠፍር ደግሞ ይለምጣል፥ ነገር ግን ሲስቡት ይለጠጥና ቀንበሩን አይዝም። በሚገባ የታሸና ቅባት የጠጣ ጠፍር ግን ይለምጣልም፥ ይይዛልም። የተጫዋች ዳሌም እንዲህ ሊሆን ይገባዋል። ብርታት ብቻ ያለው እግሩን አርቆ ሲሰነዝር ይቀደዳል፤ ልስላሴ ብቻ ያለውም ያራቀውን እግር ለመመለስ አቅም ያጣል።

ይህን በራሴ ላይ ስለ ደረሰ አውቀዋለሁ። የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆኜ በዜማ ቤት በምማርበት ጊዜ፥ ቀኑን ሁሉ እግሬን አጥፌ በመቀመጥ እውል ነበር። የገና ዕለት ሌሊቱን በማኅሌት ቆመን አደርን፤ ከቅዳሴም በኋላ በልተን ጠጥተን ጥቂት አረፍን። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ወደ መስክ ሲወጡ፥ እኔም ሰውነቴን ሳላሞቅ፥ ከተኛሁበት ተነሥቼ ሮጥሁ። ሩርዋ ከፊቴ ስታልፍ እግሬን አርቄ ሰነዘርሁ፤ እግሬም በሣሩ ላይ ተንሸራተተና በብሽሽቴ ውስጥ እንደ ጨርቅ ሲቀደድ ተሰማኝ።

በማግስቱ ወጌሻ ተጠርቶ እግሬን በኃይል ሳበው፤ ሕመሙም ባሰ። መምህሬም ደግ ሰው ነበሩ፥ ነገር ግን ብሽሽት ከውጭ ሲያዩት ቍስል ስለሌለበት፥ ከቁመት ለመሸሽ የታመምሁ መሰላቸው፤ ስለዚህ ከባልንጀሮቼ ጋራ ቆሜ እንዳድር አዘዙኝ። እኔም ማፈሬን ስለ ፈራሁ ዝም ብዬ ቆምሁ። በከተራ ዕለት ታቦት ሲወርድ ሕዝቡ ሁሉ እየዘለለና እያሸበሸበ ሲከተል፥ እኔ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ግንብ ሥር ተቀምጬ ቀረሁ። ያን ቀን ያለቀስሁት ስለ ሕመሙ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ሄዶ ብቻዬን ስለ ቀረሁ ነው። እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ድረስም በመቋሚያ ተደግፌ እሄድ ነበር። ዛሬ በጽሕፈት ሥራ ላይ ስለምውል፥ ብዙ ከተቀመጥሁ በኋላ ስነሣ ያ ቦታ እስከ አሁን ይታወቀኛል።

ይህን የተናገርሁት ወጌሻውን ወይም መምህሬን ለመክሰስ አይደለም፤ ያወቁትን አደረጉ። ዛሬ ግን የሚታወቀው በዝቷል፤ የሚታወቀውንም ሳያደርጉ መቅረት ጥፋት ይሆናል።

የሚታወቀውም ይህ ነው። በአሜሪካ አገር በበረዶ ላይ ሆኪ የሚጫወቱትን ሰዎች ሐኪሞች መርምረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ዓመት ውጤቱን ገለጡ። የውስጥ ጭን ጡንቻው ኃይል ከውጭው ጡንቻ ኃይል ከመቶ 80 እጅ ያነሰበት ተጫዋች፥ ጡንቻው የመጎዳቱ ነገር ከሌላው 17 ጊዜ ያህል የበለጠ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ጉዳቱ ከዕድል ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ አስቀድሞ በሚታይ ድካም ምክንያት ይመጣል። ደግሞም በኖርዌይ አገር በ650 በሚያህሉ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ላይ የተደረገ ምርመራ በ2019 ዓመት ታተመ። የውስጥ ጭንን የሚያበረታ አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ያዘወተሩት፥ ካላዘወተሩት ይልቅ የብሽሽት ሕመማቸው ከመቶ 41 እጅ ያህል አነሰ። ለዚህም ሥራ ከባልንጀራ በቀር ሌላ መሣሪያ አላስፈለጋቸውም። መሣሪያ የማይፈልግ ነገር ደግሞ ለመንደር ትምህርት ቤት እጅግ የተስማማ ነው።

መምህራን ሆይ፤ የልጆቹን ዳሌ ለመመርመር የሚበቃችሁ ዓይናችሁ ነው። አራት ፈተና እነግራችኋለሁ።

አንደኛ፥ ልጁ እግሩን በትከሻው ልክ ከፍቶ፥ ተረከዙን ከምድር ሳያነሣ ቁጢጥ ይበል። የገጠር ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በቁጢጥ መቀመጥን ስለ ለመደ ይህ አይከብደውም። በአግዳሚ ወንበር ላይ ብዙ ዓመት የተቀመጠው ግን ወደ ኋላ ሊወድቅ ይደርሳል።

ሁለተኛ፥ በአንድ እግሩ ቆሞ ጉልበቱን ጥቂት ይጠፍ። ዳሌው ወደ ጎን ቢዘነበል ወይም ጉልበቱ ወደ ውስጥ ቢወድቅ፥ የውጭ ዳሌ ጡንቻው ደካማ መሆኑን እወቁ።

ሦስተኛ፥ በጀርባው በሰሌን ላይ ተኝቶ አንዱን ጉልበት ወደ ደረቱ ይቀፍ። ሁለተኛው እግር ተዘርግቶ በምድር ላይ ቢቀር መልካም ነው፤ ጭኑ ከምድር ተነሥቶ ቢቆም ግን የፊተኛው የዳሌ ጡንቻ አጥሯል ማለት ነው።

አራተኛ፥ በጀርባው ተኝቶ ጉልበቶቹን አጥፎ፥ መምህሩ ወይም ባልንጀራው በጉልበቶቹ መካከል የጨበጠውን እጁን ያግባ፤ ልጁም በሙሉ ኃይሉ ይጭመቅ። ሲጨምቅ ብሽሽቱን የሚያመው ልጅ፥ እስኪሻለው ድረስ ወደ ጨዋታ አይግባ።

ምርመራው ልጁን ለማሳፈር እንዳይሆን ተጠንቀቁ። የደከመውን ለይቶ ለማበርታት እንጂ ለመሳቂያ ለማድረግ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ስለ ማበርታቱ ሥራ እነግራችኋለሁ። ይህ ሥራ በሳምንት ሦስት ቀን፥ በመካከሉ አንድ አንድ ቀን እያረፉ ይደረግ፤ ሰኞ፥ ረቡዕና ዓርብ ቢሆን ይመቻል። ከዛሬ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 29 ቀን ድረስ ያለው ጊዜ ለዚህ ይበቃል። በዚህ መካከል የነቢያት ጾም ስላለ፥ የሚጾሙ ልጆች ሥራውን የመብያቸው ሰዓት ሲቃረብ ያድርጉት፤ ድካም የተሰማውም ይተወው። ውሃ በመጠጣት በኩል መምህሩ እንደ ልጁ ሁኔታ ያስተውል።

የመጀመሪያው ሥራ ቁጢጥ ብሎ መነሣት ነው። እጅን ወደ ፊት ዘርግቶ፥ ጀርባን ሳያጎብጡ፥ ቀስ ብሎ መውረድና ቀስ ብሎ መነሣት፤ ይህን ዐሥር ጊዜ አድርጎ ጥቂት አርፎ ሁለት ጊዜ መድገም። ስግደት የሚሰግዱ ሰዎች እስከ ሽምግልና ድረስ ዳሌያቸው ለምን እንደማይደርቅ አንድ ቀን አስቤ ነበር። ስግደት ለእግዚአብሔር የሚቀርብ አምልኮ እንጂ ለዳሌ የታዘዘ መድኃኒት አይደለም፤ ነገር ግን ነፍስን የሚጠቅመው ሥራ ሥጋንም ሳይጠቅም አይቀርም።

ሁለተኛው ረጅም እርምጃ ነው። አንዱን እግር አርቆ ወደ ፊት አስቀምጦ፥ የኋለኛው ጉልበት ምድርን ሊነካ እስኪቃረብ ዝቅ ማለትና መመለስ፤ በእያንዳንዱ እግር ስምንት ጊዜ። ሲለምዱት ወደ ጎንም ያድርጉት፤ በጨዋታው ጊዜ እግር የሚሰነዘረው ወደ ፊት ብቻ አይደለምና። ይህ ሥራ ብርታትንና ልስላሴን በአንድነት ይሰጣል።

ሦስተኛው ድልድይ ነው። በጀርባ ተኝቶ፥ ጉልበትን አጥፎ፥ ውስጥ እግርን በምድር አጽንቶ መቀመጫን ወደ ላይ ማንሣት፤ እስከ አምስት እየቈጠሩ ማቆየትና ማውረድ፤ ዐሥር ጊዜ። ይህ የመቀመጫውን ትልቅ ጡንቻ ያነቃል፤ ወገብንም ከሸክም ያሳርፋል።

አራተኛው በጎን ተኝቶ የላይኛውን እግር ቀጥ አድርጎ ማንሣትና ማውረድ ነው፤ በእያንዳንዱ ጎን ዐሥራ ሁለት ጊዜ። ጣቶቹ ወደ ሰማይ እንዳይዞሩ ይጠንቀቅ፤ ሲዞሩ ሥራው ከውጭ ዳሌ ወደ ፊተኛው ጭን ይሸሻልና።

አምስተኛው ከባልንጀራ ጋራ የሚደረግ፥ የኖርዌይ ተጫዋቾች ያደረጉት ነው። ልጁ በጎኑ ተኝቶ በክንዱ ይደገፍ፤ ባልንጀራው የላይኛውን እግር በጉልበቱ በኩል ደግፎ ይያዝለት። ልጁም በተያዘው እግር ኃይል ሰውነቱን ከምድር እያነሣ፥ የታችኛውን እግር ወደ ላይኛው አምጥቶ ያገናኝ፤ ከዚያም ቀስ ብሎ ይውረድ። መጀመሪያ በእያንዳንዱ ጎን ሦስት ወይም አምስት ጊዜ ይበቃል፤ ሲበረታ ይጨመርለት። ይህ ለሚከብደው ለትንሽ ልጅ፥ የጨርቅ ኳስ በጉልበቶቹ መካከል አድርጎ እስከ አምስት እየቈጠረ መጭመቅ ይሁንለት።

ይህን ሁሉ በሁለቱም እግር እኩል አድርጉ። በሆኪ ሥርዐት ዱላው የሚመታበት ፊት አንድ ብቻ ነው፤ ግራኝ የሆነውም ሰው እንደ ቀኛም ሆኖ ይጫወታል። በዚህ ምክንያት የሆኪ ተጫዋች ሰውነት ሁልጊዜ በአንድ ወገን ይጠመዘዛል፤ አንዱ ዳሌ ሲደክም ሌላው ይለምዳል። የኛም ልጆች አብዛኛውን ጊዜ በለመዱት እጅ ብቻ ስለሚመቱ ይኸው ይደርስባቸዋል። ደካማው ጎን እስኪስተካከል ድረስ ሥራው ከርሱ ይጀመር።

በጨዋታው ዕለት ደግሞ ማንም ሰው እኔ እንዳደረግሁት ከመኝታው ተነሥቶ ወደ መስክ አይሩጥ። አስቀድሞ ዐሥር ደቂቃ ያህል ሰውነት ይሙቅ። ይኸውም በዝግታ መሮጥ፥ ጉልበትን ወደ ደረት እያነሡ መራመድ፥ በአንድ እጅ ዛፍ ወይም ባልንጀራ ይዞ እግርን ወደ ፊትና ወደ ኋላ፥ ቀጥሎም ወደ ቀኝና ወደ ግራ ማወዛወዝ፥ ከዚያም ወደ ጎን እየተሻገሩ መሮጥ ነው። ከጨዋታ በፊት አንዱን ጡንቻ ከአንድ ደቂቃ በላይ ወጥሮ ማቆየት አይጠቅምም፤ ለጊዜው ኃይሉን ይቀንሰዋል። ረጅሙ መወጠር ሰውነት ከሞቀ በኋላ፥ በጨዋታው ፍጻሜ ይሁን። ያን ጊዜ አንዱን ጉልበት በምድር አንበርክኮ ዳሌን ወደ ፊት መግፋት፥ ደግሞም ተቀምጦ ውስጥ እግርን ከውስጥ እግር አጋጥሞ ጉልበቶችን ቀስ ብሎ ወደ ምድር ማውረድ፥ እያንዳንዱን ሠላሳ እስኪቈጠር ድረስ ማቆየት ይጠቅማል። ሕመም እስኪሰማ ድረስ መወጠር ግን አይገባም፤ ባልንጀራም ጀርባውን አይጫነው።

አሁን የምናገረውን ወላጆች ከሁሉ አብልጣችሁ አስተውሉ። የዳሌ ሕመም ሁልጊዜ በዳሌ ላይ አይሰማም። ልጅ ዳሌው ታሞ ሳለ ጉልበቴን አመመኝ ሊል ይችላል፤ ሕመሙ በነርቭ መንገድ ወደ ታች ስለሚሰማ ነው። ጉልበቱን ብታዩት ግን እብጠት የለበትም፤ በዚህ ጊዜ ልጁ የዋሸ ይመስላል። ከ10 እስከ 16 ዓመት ባለው ዕድሜ የጭን አጥንት ገና በማደግ ላይ ነው፤ ክቡ የአጥንት ራስ ከግንዱ ጋራ የሚያያዝበትም ቦታ ለስላሳ ነው። አልፎ አልፎ በዚያ ቦታ የአጥንቱ ራስ ከግንዱ ላይ ይንሸራተታል። ይህ የደረሰበት ልጅ ያነክሳል፤ እግሩም ወደ ውጭ ይዞራል፤ ጭኑን ወደ ውስጥ ማዞር ይሳነዋል። ይህ በሐኪም ካልታየ ልጁን ዕድሜ ልኩን አንካሳ ሊያደርገው ይችላል፤ በጊዜ ከታየ ግን ሐኪሞች አጥንቱ ከዚያ በላይ እንዳይንሸራተት አድርገው ያጸኑታል።

ስለዚህ ያለ ምክንያት ጥቂት ቀን ያነከሰ ልጅ፥ ጉልበቱን አመመኝ እያለ ጉልበቱ ደኅና የሆነ ልጅ፥ ወይም ሌሊት ከእንቅልፉ የሚያስነሣ የዳሌ ሕመም ያለበት ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። አጥንቱ ይንሸራተት ይሆናል ተብሎ የተጠረጠረው ልጅ ደግሞ በእግሩ እየተራመደ ሳይሆን በቃሬዛ ወይም በሌላ መጓጓዣ ይሂድ። ትኩሳት ያለበትና እግሩን መርገጥ ያልቻለ ልጅ ግን ያኑ ዕለት ይወሰድ፤ መግል በመገጣጠሚያው ውስጥ ገብቶ ይሆናልና አንድ ቀን መዘግየት ብዙ ይጎዳል። እንዲህ ያለውን እግር ማንም ሰው አይሳበው፥ አይሸውም፥ አይጠምዝዘው። የታወቀ ወጌሻ ብዙ ወለምታ ያድናል፤ ደግ ወጌሻ ግን የርሱ ያልሆነውን ሕመም ለይቶ ወደ ሐኪም የሚልክ ነው።

ጡንቻው ብቻ የተጎዳበት ልጅም ቢሆን ዕረፍት ያስፈልገዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀኖች ከሩጫ ይከልከል፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር ጥቂት ጥቂት ጊዜ ይደረግለት። ሕመሙ ሲቀልለት መራመድ፥ ከዚያም ጉልበት መጭመቅ፥ ቀጥሎም ቁጢጥ ማለት፥ በመጨረሻም መሮጥ ይጀምር። መጭመቁ ሳያመው፥ በሁለቱም እግር እኩል ሲዘልል ካየነው ወደ ጨዋታው ይመለስ። ሳይድን የተመለሰ ተጫዋች ቍስሉን ያድሳል፤ ሁለተኛውም ጉዳት ከፊተኛው ይልቅ ጊዜ ይፈጃል።

መምህራን ሆይ፤ ልለምናችሁ። ልጅ አመመኝ ባላችሁ ጊዜ፥ ከመቆጣታችሁ በፊት አስቁሙትና አራመዱት፤ ጉልበቱንም ዳሌውንም ተመልከቱ። ሰነፍ ልጅ በትምህርት ሰዓት ሊያነክስ ይችላል፤ ነገር ግን በጨዋታ ሰዓት ማነከሱን ይረሳል። በጨዋታ ሰዓትም ከባልንጀሮቹ ተለይቶ ከዛፍ ሥር የተቀመጠ ልጅ በእውነት ታሟል። ይህን መለያ ከመጽሐፍ አልተማርሁትም፤ በከተራ ዕለት ከግንብ ሥር ተቀምጬ ተማርሁት።

ተማሪዎች ሆይ፤ እናንተም ሕመማችሁን አትደብቁ። ሕመምን ተሸክሞ መጫወት ጀግንነት ይመስላችኋል፤ የአንድ ቀን ጨዋታ ግን የብዙ ወር ጨዋታ ያስቀራል። ዱላችሁን ስትቈርጡና ስታቃኑ፥ እንጨቱ እንዳይሰበር በእሳት እያሞቃችሁ ቀስ ብላችሁ ታጎብጡታላችሁ እንጂ በአንድ ጊዜ አትጠመዝዙትም። ለእንጨት ያደረጋችሁትን ትዕግሥት ለገዛ ሰውነታችሁ አትንፈጉ።

ነገሬን በአጭር ቃል ልፈጽም። ዳሌ የሰውነት መካከል ነው፤ እርሱ ሲበረታ እግርም ወገብም ይበረታሉ፥ እርሱ ሲደክም ሁለቱም ይደክማሉ። በሳምንት ሦስት ቀን፥ ለእያንዳንዱ ቀን ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ ገንዘብ አያስወጣም፥ ከሰሌንና ከባልንጀራ በቀር መሣሪያ አይጠይቅም። ይህን ብታደርጉ ማንም ልጅ አይጎዳም ብዬ አልምልላችሁም፤ የሚጎዳው እንደሚያንስ ግን የታወቀ ነው።

በሚመጣው ገና በዚህ መስክ ስትሰለፉ፥ ወንዶችም ሴቶችም፥ ሰውነታችሁን አሙቃችሁ ግቡ፤ ባልንጀራችሁን ሳትጎዱ፥ እናንተም ሳትጎዱ ውጡ። በከተራም ዕለት ታቦቱ ወደ ባሕረ ጥምቀት ሲወርድ፥ ከግንብ ሥር ተቀምጦ የሚቀር አንድም ልጅ አይኑር። እግዚአብሔር ለበዓሉ በሰላም ያድርሰን።